ሩቅ አሳቢ ቅርብ ይደር

መስከረም ሲጋመስ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚደምርና በምሳ ሰዓት ካርታ ከፍቶ የሚያልም። ዘንድሮ እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ። ጠዋት ወጪ እደምራለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ አድርጎ ባሌ የሚገባውን መንገድ በጣቴ እከተላለሁ። ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር በሁለት ሞተር ሳይክል፣ ድንኳን ጭነን፣ በጥቅምት መጨረሻ ለመሄድ ወስነናል።

ጉዞው ገና ነው። የዛሬው ወጋችን ስለ ዝግጅቱ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የዕቃ ዝርዝር መጻፍ ነው። እኔ በማርኬቲንግ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ፤ ሰው ከጉዞው ይልቅ የጉዞውን ዕቃ እንዲመኝ ማድረግ የእኔ ቢጤዎች እንጀራ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጌ ከቤት ጀመርኩ። ባለቤቴ፣ እናቴና የአምስት ዓመት ልጃችን እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱን ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ሰው ተዘጋጅቷል፤ ያልቻለ ግን የቱንም ያህል ዕቃ ቢገዛ ገና ነው።

የባለቤቴ ጥያቄ፦ «ብትወድቅስ?»

«አትሂድ» አላለችኝም። «ብትወድቅስ?» ነው ያለችው። ለዚህ ጥያቄ «አልወድቅም» መልስ አይሆንም፤ ከመድን ሰጪም ሆነ ከሚስት ጋር አያዛልቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ለሦስት ከፈልነው፦ እንዳልወድቅ ምን አደርጋለሁ? ብወድቅ ሰውነቴ ላይ ምን አለ? ከወደቅኩ በኋላስ ቤቱ እንዴት ይሆናል?

እንዳይወድቁ ከሚደረገው ሁሉ ርካሹ ሰዓት ማክበር ነው። መንገዳችን ላይ ከብት፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ። ከዶዶላ እስከ አዳባ ባለው ሜዳ ደግሞ ፈረስና ጋሪ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲመሽ መብራት የላቸውም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት አንነሳም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንነዳም። የት እንደምናድር የሚወስነውም ይህ ሰዓት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የጫነ ሞተር ከተማውን፣ ዳገቱንና ዕረፍቱን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 9 ሰዓት ይፈጃል። በአንድ ቀን የሚጨርሱት አሉ። እኛ ግን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያውን ቀን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በቆጂ እናድራለን። የእነ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ አገር ስለሆነች ማለዳ ተነስቶ ሯጮቹን ማየት ብቻውን ለማደሪያ በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ቀን ዲንሾ እንገባለን። ሦስተኛውን ቀን ሳነቴ አምባ ወጥተን እንመለሳለን፤ አራተኛውን አሰላ አድረን በአምስተኛው ቀን ለምሳ ቤታችን ነን። «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት በምኞተኛ ላይ ለማሾፍ ነው የተባለው። ለሞተረኛ ግን ምክር ነው፤ ሩቅ ያሰበ ሰው ቅርብ ቅርብ እያደረ ነው የሚደርሰው።

ቀጥሎ ሰውነት ላይ የሚለበሰው ነው። ገንዘባችንን ያወጣነው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለእጅና ለእግር፣ ከዚያ ለጎማና ለፍሬን፣ ከዚያ ለመኝታ፣ ድንኳኑ መጨረሻ። ሄልሜት አድርጋችሁ አገጩን አስራችሁ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው መከላከያ ሥራውን ጨርሷል፤ ያገለገለ ሄልሜት መግዛት የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ታሪኩን አታውቁትምና። ጃኬትና ቦት ጫማ ግን ከሰልባጅ ገበያ ጥሩ ጥሩ ይገኛል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጓንቱ መዳፉ ላይ ቆዳ ያለው ይሁን። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት በፊት ዘይት ቀይረን፣ የፍሬኑን ሸራ አይተን፣ ሰንሰለቱን አጥበንና ቀብተን እንጨርሳለን። ሁለት ሳምንት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጋራዥ ገብቶ የወጣ ሞተር የላላ ብሎን ካለው እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገለጥ። የጎማ አየር የሚለካው ጭነቱ ከተጫነ በኋላ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። መለዋወጫ የምንይዘው ጥቂት ነው፤ አንድ አንድ የውስጥ ጎማ፣ የእጅ መንፊያ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የቤንዚን መስጫ ገመድ፣ ፊውዝ፣ መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ሽቦ። ዋናው ነገር ግን ዕቃው አይደለም። የሰፈራችንን ጎሚስታ ሒሳቡን ከፍለን የኋላ ጎማ ፈትቶ የውስጡን መቀየር እንዲያስተምረን ጠየቅነው። አንዴ አሳየንና «በሉ አሁን እናንተ» ብሎ ቁጭ አለ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ በሦስተኛው ሙከራ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። ከአዳባ እስከ ዲንሾ ባለው መንገድ ላይ ይህ ግማሽ ሰዓት ብዙ ያወጣል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ቤቱ ነው፤ ብዙ ባሎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ የሚያስገድደው ቢሆንም እኛ የምንጎዳውን ሰው ነው የሚክሰው፤ የእኔን የተሰበረ እግርም ሆነ የእኔን ሞተር አይጠግንም። ለራስ የሚገባ የአደጋ መድን ለብቻው ነው። ፖሊሲውን ስትገዙ «ሞተር ሳይክል ላይ እያለሁ ብጎዳ ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ለሞተር እንደማይሠራም አትርሱ፤ ከአደጋ በኋላ መድን ሰጪው መጀመሪያ ከሚያያቸው ወረቀቶች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ሞተር የሚንቀሳቀሰው በፈቃድ ስለሆነ፣ የሞተሩ ወረቀትና ቦሎው የተሟላ መሆኑን ከመነሻው ቀን ቀደም ብሎ ማየት ነው።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍንና ባለቤቴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። በየቀኑ የምናድርበት ቦታ፣ የጓደኛዬና የሚስቱ ስልክ፣ የደም ዓይነታችን፣ የመድን ቁጥራችን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እንዲሁም በመንገዳችን ላይ አሰላና ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል መኖሩ ተጽፎበታል። ጓደኛዬና እኔ ደግሞ አንድ ነገር ተምረናል፦ የወደቀ ሰው መተንፈስ እስከቻለ ድረስ ሄልሜቱን እየጎተቱ ማውለቅ አንገቱን ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ማረጋጋት፣ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፣ ከዚያ መደወል።

የእናቴ ጥያቄ፦ «ምን ልትበላ? ምን ለብሰህ ልታድር?»

እናቴ ለአምስት ቀን የምትሰንቀው ስንቅ ለሠርግ ቤት ይበቃል። ሞተር ግን አህያ አይደለም። ለእያንዳንዳችን የወሰንነው ጭነት ከ25 ኪሎ አይበልጥም፤ ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ መሐል፣ ቀላሉ ከላይና ወደ ኋላ ይቀመጣል። ከባድ ነገር ከኋላ ከፍ ብሎ ከታሰረ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል። ሁሉም ነገር ሻንጣ ከመግባቱ በፊት ፌስታል ውስጥ ይገባል። ጥቅምት ደረቅ ነው ቢባልም የባሌ ደመና የአዲስ አበባን የአየር ትንበያ አይጠይቅም።

ከእናቴ ጋር በድርድር የተስማማንበት ስንቅ ግን ከየትኛውም የውጭ አገር የካምፒንግ ምግብ የሚበልጥ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ድርቆሽና ትንሽ ሽሮ። የእኛ አገር መንገደኛ ለዘመናት የኖረበት ስንቅ እኮ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በሶና ጭኮ ደግሞ እሳት እንኳ አይፈልጉም። የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ተለውሶ የሚሠራው ጭኮ የአርሲና የባሌ አካባቢ ምግብ መሆኑም ያጋጣሚ አይመስለኝም፤ ለብርድ አገር የተሠራ ነው።

እሳት የማይፈልግ ምግብ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከፍታ ሲጨምር ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 86 ይወርዳል። ምስር ወይም ሩዝ ልቀቅል ያለ ሰው ጋዙን ጨርሶ ጥሬውን ይበላል። ሽሮ ግን ይደርሳል። ማገዶ ለቅሞ እሳት ማንደድን ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። የባሌን አስታ ቁጥቋጦና ደን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ እሳት ነው፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃናል።

ብርዱን በተመለከተ የእናቴ መልስ ጋቢ ነው። ጋቢ ደርቦ ለመተኛት ጥሩ ነው፣ ከረጠበ ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ ቶሎም አይደርቅም። በባሌ ከፍታ ላይ በበጋው ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሳነቴ ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሰውን የሚያበርደው ከላይ ካለው አየር ይልቅ ከታች ያለው መሬት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካነሳችሁ ከወፍራም ስሊፒንግ ባግ በፊት ጥሩ የስፖንጅ ምንጣፍ ግዙ። ድንኳን ጎድጓዳ ቦታ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ስልካችሁን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ነዳጅ አሁን በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል ደግሞ ስልክ የሌለው ሞተረኛ ቤንዚንም የለውም።

ቤንዚንን ካነሳን፣ ጉዞው በጠቅላላው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። የእኔ ሞተር ሳይጫን በሊትር 38 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ተጭኖ በዳገት ግን 30 ብቻ ብዬ ነው የያዝኩት። ብዙ ማደያዎች በጄሪካን ስለማይቀዱ ደንባችን ግልጽ ነው፦ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ያገኘነው ማደያ ላይ እንሞላለን፤ ሳነቴ ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሙሉ እናደርጋለን።

ሳነቴ ላይ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር አየር ሲያንሰው ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጉልበቱ ሲደክም ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት መሄድ እንጂ ቤንዚን መጨመር አይረዳም። ሰውም እንዲሁ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ምልክቶች ናቸው። ቁጭ ብሎ እያለ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ንግግሩና አረማመዱ ከተዛባ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይዘገዩ መውረድ። ዕቅዳችን ላይ ሳነቴን አይተን ዲንሾ ወርደን የምናድረው ለዚህ ነው።

የልጃችን ጥያቄ፦ «መቼ ትመጣለህ?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ መጀመሪያ ልጅቷ የት እንደምሄድ ማወቅ ነበረባት። አንድ ቅዳሜ ድንኳኑን እናቴ ግቢ ተከልንና ሦስታችንም አደርንበት። ለእኔ ሙከራ ነበር፤ የቱ ካስማ እንደጎደለ፣ ዚፑ ከውስጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ያየሁት ያን ሌሊት ነው። ለእሷ ግን አባቷ የሚያድርበትን ቤት ማየት ነበር። ከዚያ በኋላ «አባቴ ድንኳን ውስጥ ነው» ማለት የምታውቀው ነገር ሆነ። ሙሉ ጭነቱን አስረን ቢሾፍቱ ደርሰን የተመለስነውም በማግስቱ ነው። ሞተር ተጭኖ ፍሬን ሲያዝ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም በመንገዱ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ በፊት መታወቅ አለበት።

ስለ ቀይ ቀበሮም ነግሬያታለሁ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያ ነው። ሁሉም ተደምረው ለአቅመ አዳም የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ሳነቴን የሚያቋርጠው የጎባ መንገድ በመኖሪያቸው መሐል ያልፋል፤ በመኪና የተገጩ አሉ። ልጃችን ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ። ለእኔ ለራሴ ብዬ ከምቀንሰው ፍጥነት ለቀበሮዎቹ ብዬ የምቀንሰው ሳይሻል አይቀርም። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ እስከ ማደሪያው ድረስ ይመጣሉ፤ ምግብ ታስሮ ይቀመጣል፣ ቆሻሻ ተጭኖ ይመለሳል፣ ድንኳን የሚተከለው ፓርኩ በሚፈቅድበት ቦታ ብቻ ነው። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያም በጀት ውስጥ ይያዝ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ «በአምስተኛው ቀን» ብሎ ቃል መግባት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ይህ ቃል በመንገድ ላይ እንዳያጣድፈን ማድረግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስለዚህ ለልጃችን የነገርናት «አምስት ወይም ስድስት» ብለን ነው፤ መሥሪያ ቤትም አንድ ቀን አስበልጬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለባለቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፦ ስነሳ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማደሪያ ስደርስ። ሳነቴ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ዝምታ ሁሉ ክፉ ዜና አይደለም። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለጓደኛዬ ትደውላለች፤ እስከ 2 ሰዓት ሁለታችንም ካልተገኘን ወደምናድርበት ቦታ። መጠበቂያው ሰዓት የታወቀ ሲሆን ፍርሃቱም ልክ ይኖረዋል።

ሒሳቡ ለሁለት ነው

አሁን ለባለትዳሮች አንድ ነገር ልበል። የዓመት ፈቃድ በሠራተኛ ስም ቢመዘገብም የቤተሰብ ንብረት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አዲስ ሠራተኛ በዓመት የሚያገኘው 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ላይ እኔ ለራሴ የማነሳው ቀን ከልጃችን መታመሚያና ከበዓል ማሳለፊያ ላይ የሚነሳ ነው። እኔ ባሌ ስሆን ልጅ የሚያደርስ፣ የሚያመጣ፣ የሚያበላ ማን ነው? ባለቤቴም ሥራ አላት። ስለዚህ ከሞተሩ በጀት ጎን ሌላ በጀት ጻፍን፤ በጥር እሷ የምትመርጣቸው አምስት ቀናት አሉ፣ እኔ ቤት እሆናለሁ፤ ለእኔ የወጣው ገንዘብ ያህልም ለእሷ ይያዛል። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም፤ መጠየቅም ግዴታዬ አይደለም። ይህ ካልተጻፈ የአንዱ ጀብዱ የሌላው ድካም ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ደግሞ ሰላም ብለው ቢመለሱም እንኳ ቤት ውስጥ ሒሳቡ አይዘጋም።

ሌላው የተጻፈው ውል የመሰረዝ መብት ነው። ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያ መስመር ከሚሠሩ የአውቶቡስ ሾፌሮችና ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንጠይቃለን። ከእኔ፣ ከጓደኛዬ፣ ከሁለቱ ሚስቶች አንዳችን «ልቤ አልተቀበለውም» ካልን ጉዞው ይዘገያል፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠየቅም። መንገድ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሁለታችን አንዱ «እንመለስ» ካለ ሌላው አይከራከርም። በቆጂ ላይ ዝናብ ቢይዘን በቆጂን አይተን እንመለሳለን። ዲንሾ ላይ ራስ ምታት ቢጠናብን ሳነቴን ለሌላ ዓመት እንተወዋለን። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ በሚቀጥለው ጥቅምትም እዚያው ነው።

እናንተም ሞተር ባትነዱ እንኳ፣ ከቤት ርቃችሁ የምትሄዱበት ጉዞ ካለ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ለሚቀሩት ሰዎች «ምን ያሳስባችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉት፤ የዝግጅት ዝርዝራችሁ እሱ ነው። በሚቀጥለው ወር ጭኮው በቅቶን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው መልካም ወር ይሁንላችሁ።